የጋራ ሰርቨራችን የውድድሩ ዘመን ከመከፈቱ በፊት ወደ ሥራ እንዲመለስ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ክቡራንና ክቡራት የአምስቱ ከተሞች የኮሌጅ ስፖርት ደጋፊ ማኅበራት አባላት፤

በዚህ ጉዳይ ስንጽፍላችሁ ይህ ሦስተኛ ጊዜያችን ነው። የመጀመሪያውን ደብዳቤ በተስፋ፣ ሁለተኛውን በጥድፊያ ጻፍነው፤ የአሁኑን ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደከም ብሎን ነው የምንጽፈው። ቢሆንም የአሜሪካ ፉትቦሉ ዘመን በኦገስት መጨረሻ ሲከፈት በሰርቨሩ፣ ማለትም በጋራ ኮምፒውተራችን፣ ላይ የነበሩት የጋራ መዝገባችንና የአማርኛ የድምፅ ሥርጭታችን ወደ ሥራ ካልተመለሱ፣ አምስቱ ማኅበራት እንደ ድሮው በየፊናቸው መሄዳቸው ስለማይቀር ዝም ማለት አልቻልንም።

የደረሰውን አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። በጥር ወር ብርድ በሲልቨር ስፕሪንግ የአንድ አባላችን ቤት የውኃ ቧንቧ ፈነዳ። ሰርቨራችን የነበረው እዚያው ቤት ቤዝመንት ውስጥ፣ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን አጠገብ ባለ የብረት መደርደሪያ ላይ ነው። ወንድማችን ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ አድሮ ንጋት ላይ ቤቱ ሲገባ፣ የኮርኒሱ ግማሽ በመደርደሪያው ላይ ተደርምሶ፣ ውኃውም ቁርጭምጭሚት ድረስ ደርሶ አገኘው። ሰርቨሩ አረንጓዴ መብራቱ ገና አልጠፋም ነበር። ኤሌክትሪኩን ከዋናው ማጥፊያ አጥፍቶ፣ ዕቃውን በልጁ ፎጣ ጠቅልሎ ወደ ሳሎን ይዞት ወጣ፤ በማግስቱ ስናስነሣው ግን ዲስኮቹ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ አሰምተው ጸጥ አሉ። መጠባበቂያው ቅጂ የት ነበር ብላችሁ ለጠየቃችሁ፣ እዚያው መደርደሪያ ላይ፣ አንድ እርከን ዝቅ ብሎ ነበር። ይህ የኮሚቴው ጥፋት ነው፤ የቤቱ ባለቤት ጥፋት አይደለም፤ እሱን በስልክ የወቀሳችሁ አባላት ደውላችሁ ይቅርታ ብትጠይቁት ደስ ይለናል።

ሰርቨሩ ለምን በሰው ቤዝመንት ተቀመጠ የሚለው ጥያቄ በየስብሰባው ስለሚነሣ እዚህ ላይ በጽሑፍ መልስ እንስጥ። ኮሚቴው ከኪራይ ቦታ ያስወጣው በወር 160 ዶላር ለማዳን ሲሆን፣ ውሳኔውም በአምስቱም ማኅበራት ተወካዮች ድምፅ የጸደቀ ነው። ከኪራዩ የተረፈው ገንዘብ የትም አልባከነም፤ ሁለት ማይክሮፎን፣ አንድ የድምፅ ማደባለቂያና አንድ መቅጃ በ1,140 ዶላር ተገዝቶበታል። አንዳንድ ወንድሞቻችን ይህን ወጪ ቅንጦት ብለውታል። እነዚያ ማይክሮፎኖች ባይገዙ ኖሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ጨዋታውን በአማርኛ የሚያስረዳ ድምፅ አይኖርም ነበር፤ የዳውንን (ኳሱን ወደፊት ለመግፋት የሚሰጠውን ሙከራ) ቁጥር፣ የፍላጉን (ጥፋት ሲፈጸም ዳኛው የሚጥለውን ጨርቅ) ትርጉምና ኳሱ ለምን ከእጅ እንደማይለይ ከልጆቻችን በፊት የተረዱት አባቶች የተረዱት በዚያ ድምፅ ነው። ለጋራ ስብሰባው የቀረበው እንጀራና ወጥም ከማኅበሩ ሂሳብ አንድ ሳንቲም አልወጣበትም፤ የከፈሉት የኮሚቴው አባላት ከኪሳቸው ነው።

ይህ ኅብረት ከየት እንደመጣ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም አንድ ያደረገን የእኛ ብልኃት ብቻ አልነበረም። የሜሪላንድ ኮሌጅ በ2014 ቢግ ቴን ወደተባለው ኮንፈረንስ (እርስ በርስ የሚጫወቱ ኮሌጆች ማኅበር) ሲገባ፣ ሜሪላንድን የሚደግፉት የሲልቨር ስፕሪንግ ሰዎች ኦሃዮ ስቴትን ከሚደግፉት የኮሎምበስና ሚኒሶታን ከሚደግፉት የሚኒያፖሊስ ወገኖቻቸው ጋር አንድ ኮንፈረንስ ውስጥ ሆኑ። በ2024 ደግሞ ፓክ-12 የተባለው የምዕራቡ ዳር ኮንፈረንስ ሲፈርስ የሲያትሉ ዋሽንግተን፣ ኦሪገን፣ የሎስ አንጀለሶቹ ዩ ሲ ኤል ኤ እና ዩ ኤስ ሲ ወደዚያው መጥተው ቢግ ቴን 18 ኮሌጆችን ያቀፈ ሆነ። ይህን ያደረገው የቴሌቪዥን ገንዘብ ነው፤ ሯጩና የመረብ ኳስ ተጫዋቿ ሳይቀሩ ከአንዱ ውቅያኖስ ዳር ወደ ሌላው እንዲበሩ ያስገደደ ውሳኔ በመሆኑም ብዙዎቻችን አልወደድነውም። ነገር ግን ካርታውን ያየ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አላለፈም። ሐበሻ በብዛት የሰፈረባቸው ከተሞች፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ኮሎምበስ፣ ከሚኒያፖሊስ እስከ ሲያትል፣ ከዚያም ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ትንሿ ኢትዮጵያ እስካለችበት ሎስ አንጀለስ ድረስ፣ በአንድ ጊዜ የአንድ ኮንፈረንስ ሰዎች ሆኑ። ቀድሞ ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ ይደዋወል የነበረ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ እየተደዋወለ ይቀላለድ ጀመር፤ አምስቱም ማኅበራት መዝገባቸውን አንድ ቦታ ለማስቀመጥ የተስማሙት በዚያው ሰሞን ነው።

ስምምነቱ የማንንም ነጻነት አልነካም። እያንዳንዱ ማኅበር የራሱ ገጽ፣ የራሱ አስተዳዳሪ፣ የራሱ ደንብ አለው፤ አንዱ የሌላውን አባል አይወስድም፤ ማኅበራቱ በሚጋጠሙበት ሳምንት መተራረብ ይፈቀዳል፣ ቤተሰብና ሃይማኖት ግን አይነኩም። በጋራ የያዝነው ሰርቨሩን፣ የድምፅ ሥርጭቱን፣ የግምት ውድድሩንና መዝገቡን ብቻ ነው። ሂሳቡ ከሁለት የተለያዩ ከተሞች ሁለት ፊርማ ካላረፈበት አይንቀሳቀስም። ለእያንዳንዱ ከተማ አንድ ድምፅ ተሰጥቷል፤ የሎስ አንጀለስ ወንድሞቻችን ግን የዩ ሲ ኤል ኤና የዩ ኤስ ሲ ደጋፊዎች በአንድ ወንበር አንቀመጥም ስላሉ ግማሽ ግማሽ ድምፅ ይዘዋል። እስካሁን በአንድም ጉዳይ ላይ ተስማምተው አያውቁም፤ መዋጮ ግን ሁለቱም በጊዜው ይከፍላሉ፣ ለዚህም እናመሰግናለን።

ራሳችንን ችለን መቆማችን በከንቱ የመጣ ግትርነት አይደለም። በ2017 ስካውት የተባለው ትልቅ የደጋፊዎች መድረክ ከኪሳራ በኋላ ተሽጦ ወደ ሌላ ድርጅት ሲቀላቀል፣ ለዓመታት በየኮሌጁ ስም የተሰባሰቡ ሰዎች ቤታቸው በሌላ ሰው ውሳኔ ሲዘጋ አይተናል። የራስን ቤት መያዝ ከዚህ ያድናል፤ ጣሪያው ሲፈስም የሚጠግነው ባለቤቱ ነው።

የጠፋው ነገር ምን እንደሆነ በቁጥር ብቻ መናገር አይበቃም። ጽሑፎቹ በየማኅበሩ ቅጂ ስለነበራቸው አብዛኞቹ ተርፈዋል። በዲስኮቹ ውስጥ የቀረው የድምፁ መዝገብ ነው። ወላጆቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑት ያሬድ ንጉሤ በ2019 ኦስቲን ላይ ለኖተር ዳም ሮጦ የኮሌጆቹን የ1500 ሜትር ሻምፒዮና የሚሺጋን ስቴቱን ሯጭ ዓይን በማይለየው ልዩነት ቀድሞ ያሸነፈበትን ውድድር፣ በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ ነሐስ ካገኘ በኋላ የሚኒያፖሊስ እናቶች ቁጭ ብለው የተወያዩበት የአንድ ሰዓት ተኩል ቅጂ እዚያ ውስጥ ነው። ከእናቶቹ አንዷ ስለ ሩጫው ብዙም አላወሩም፤ ልጁ እየሮጠ ባዮኬሚስትሪ ማጥናቱን ሦስት ጊዜ ደጋግመው ተናገሩ፣ ከዚያም ስልኩን ለልጃቸው አቀብለው «ስማ» አሉት። የአይዋ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቿ ኬትሊን ክላርክ በማርች 2024 ከኦሃዮ ስቴት ጋር ስትጫወት ከወንዶቹም ከሴቶቹም ከፍተኛ የነበረውን የፒት ማራቪችን የኮሌጅ ነጥብ ክብረ ወሰን ያለፈችበት ዕለት፣ የኮሎምበስ ሴት ልጆቻችን በራሳቸው አማርኛ ያስተላለፉት የመጀመሪያው የሴቶች ቅርጫት ኳስ ሥርጭትም እዚያው አለ። አማርኛቸው ይሰባበራል፣ መሃል መሃል ይሳሳቃሉ፣ አንዷ «ክብረ ወሰን» ማለት ጠፍቷት «ያ ትልቁ ቁጥር» ብላለች። ይህን ሌላ ማንም የቀዳው የለም።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ። ዲስኮቹን ከፍቶ መረጃውን የሚያወጣው ባለሙያ 2,800 ዶላር ጠይቋል፤ ከሌሎች ሁለት ባለሙያዎችም ዋጋ ወስደን ያነጻጸርን ሲሆን የእሱ ዝቅተኛው ነው። ሰርቨሩን ዳግም ወደ ሰው ቤት ላለመመለስ፣ በሁለት የተለያዩ ከተሞች ቅጂ የሚያስቀምጥ የኪራይ ቦታ ለ24 ወራት በወር 160 ዶላር ሒሳብ 3,840 ዶላር ይፈጃል። የቀረው 1,560 ዶላር ውኃ ለበላቸው የድምፅ መሣሪያዎች መተኪያና ለማኅበሩ ሕጋዊ ምዝገባ የሚውል ነው። ድምሩ 8,200 ዶላር ይሆናል። እስካሁን 3,175 ዶላር ገብቷል፤ 5,025 ይቀራል። መዋጮው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጥሩ ሄዶ ነበር፤ ባለፉት አምስት ሳምንታት ግን የገባው 90 ዶላር ብቻ ነው፣ ከእሱም ውስጥ 50ው የአንዲት ተማሪ ነው። ምዝገባው ገና ስላላለቀ የምትሰጡት ገንዘብ ከግብር የማይቀነስ መሆኑንም ከአሁኑ እንናገራለን፤ በኋላ አልተነገረንም እንዳትሉ።

ከየአቅጣጫው እንደምትጠየቁ እናውቃለን። ተጫዋቾች በስማቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ከ2021 ጀምሮ ከተፈቀደና ኮሌጆቹም ከ2025 ወዲህ ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ መክፈል ከጀመሩ በኋላ፣ የተማራችሁበት ኮሌጅ ራሱ ስልክ እየደወለ ይለምናችኋል። በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ኮሌጅ የተፈቀደው ጣሪያ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከዚያ ጋር አንወዳደርም፤ የምንጠይቀው የአንድ ወር የቡና ወጪያችሁን ነው።

በተቀናቃኝ ደጋፊዎች መካከል እንዲህ ያለ መተባበር እንግዳ ነገርም አይደለም። በየዓመቱ በጸደይ ወራት በመላ አሜሪካ ያሉ የኮሌጅ ፉትቦል ደጋፊዎች ተቀናቃኛቸውን ያሸነፉበትን ውጤት በዶላርና በሳንቲም እየቆጠሩ፣ በአትላንታ ስደተኞችን ለሚያቋቁመው ለኒው አሜሪካን ፓትዌይስ ይሰጣሉ። የሚሺጋን ደጋፊዎች በ2021 ኦሃዮ ስቴትን 42 ለ 27 ያሸነፉበትን አስበው 42 ዶላር ከ27 ሳንቲም ሲልኩ፣ ሌላው እልህ ይዞት ከፍ አድርጎ ይልካል። በአትላንታ ዙሪያ አዲስ ከሚሰፍሩት ቤተሰቦች መካከል ከእኛ አገር የሚመጡ እንዳሉ የማያውቅ የለም። ታዲያ የማያውቁን ሰዎች በእልህም ቢሆን ለስደተኛ ከከፈሉ፣ እኛ ለገዛ ልጆቻችን ድምፅ ብንከፍል አይበዛብንም።

ስለዚህ ባለፈው እሑድ በስልክ ስብሰባው እንደተነገረው፣ በዚህ ዙር እያንዳንዱ አባል ደስ ያሰኘውን ውጤት ያህል እንዲልክ እንጠይቃለን። የኮሎምበስ ሰዎች በጃንዋሪ 2025 ኖተር ዳምን 34 ለ 23 ረትታችሁ ዋንጫ አንሥታችኋልና 34 ዶላር ከ23 ሳንቲም አይከብዳችሁም። በ2024 መኸር የሜሪላንድ ሰዎች ዩ ኤስ ሲን 29 ለ 28፣ የሲያትል ሰዎች ሚሺጋንን 27 ለ 17፣ የሚኒሶታ ሰዎችም ዩ ኤስ ሲን 24 ለ 17 አሸንፋችኋል። ዩ ሲ ኤል ኤዎች በ2021 ዩ ኤስ ሲን 62 ለ 33 ስላሸነፋችሁ ብዙ ታወጣላችሁ፤ ስትኩራሩበት የኖራችሁት ውጤት ነው። ዩ ኤስ ሲዎች ከላይ ሦስት ጊዜ ተሸናፊ ሆናችሁ መጠቀሳችሁን አይተናል፤ በ2024 ዩ ሲ ኤል ኤን 19 ለ 13 ስላሸነፋችሁ ለእናንተ ቀለል ያለ ሆኗል።

በመካከላችን አሥራቱን ለቤተ ክርስቲያኑ የሚያወጣም፣ ሰደቃውን ለመስጊዱ የሚሰጥም አለ፤ ያንን ቀንሳችሁ ለእኛ ስጡ አንልም፣ ልንልም አይገባንም። ነገር ግን ዕድር ውስጥ ያለ ሰው ድንኳኑ ሲቀደድ ሰፊው እገሌ ነው ብሎ እንደማይቀመጥ ሁላችንም ከወላጆቻችን አይተናል። «ድር ቢያብር» የሚለውን በሁለቱ ቀደምት ደብዳቤዎች ስለጠቀስነው እዚህ አንደግመውም።

አከፋፈሉ እንደሚከተለው ነው። ገንዘቡ የሚላከው ዜል በተባለው የባንክ ገንዘብ መላኪያ ብቻ ሲሆን፣ ቁጥሩ በየከተማችሁ ገንዘብ ያዥ በኩል በግል የተላከላችሁ ነው። ቁጥሩን በአደባባይ የማንጽፈው ከዚህ ቀደም በስማችን ገንዘብ ለመሰብሰብ የሞከረ ሰው ስለነበረ ነው። በማስታወሻው ቦታ ላይ «ሰርቨር» የሚለውን ቃልና የምትደግፉትን ኮሌጅ ስም ጻፉ። ቼክ የምትመርጡ ለገንዘብ ያዣችሁ በእጅ ስጡና ደረሰኝ ተቀበሉ። ደግመን እናሳስባለን፤ ዜል ነው እንጂ ካሽ አፕ አይደለም፣ ከገንዘብ ያዣችሁ በቀር ከማንም ቁጥር አትቀበሉ፣ «ሰርቨር» ብላችሁ መጻፍንም አትርሱ። የመጨረሻው ቀን ጁላይ 31 ነው፤ ባለሙያው መረጃውን ከዲስኮቹ ለማውጣት ሦስት ሳምንት ስለሚፈልግ ከዚያ ካለፈ ለመጀመሪያው ጨዋታ አንደርስም።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር እንጨምር። ማክሰኞ ዕለት 27 ዶላር ከ17 ሳንቲም ያለ ስምና ያለ ማስታወሻ ገብቷል። ከሲያትል መሆኑን ከቁጥሩ አውቀናል፤ የላካችሁት አባል ደረሰኛችሁን እንድንጽፍ ለገንዘብ ያዣችሁ ደውሉ።

የአምስቱ ማኅበራት የጋራ ኮሚቴ