ይድረስ ለውድ አባቴ

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ። እንዴት ሰነበቱ አባባ? ጉልበትዎ ሻል አለዎት? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ባለፈው ስንደዋወል «እንዴት በሶሃቦች ላይ ልብ ወለድ ይጻፋል?» ብለው መቆጣትዎ ከልቤ አልወጣም። ቁጣዎ ይገባኛል፤ የነቢዩ ባልደረቦች ናቸውና። ግን ደራሲዎቹ ሁሉ አንድ አይደሉም፤ ፈጠራቸውን የት ላይ እንደሚያሳርፉት አይቶ መፍረድ ይሻላል።

ጆርጂ ዘይዳን ሊባኖሳዊ ክርስቲያን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1892 ካይሮ ላይ «አል-ሂላል» መጽሔትን የመሠረተው ሰው። «17 ረመዳን» በተባለው መጽሐፉ የአራተኛውን ኸሊፋ የሰይዲና ዐሊን መገደል ይተርካል። ታሪኩን የምትዘውረው ግን ቀጣም ናት፤ አባቷና ወንድሟ ነህረዋን ላይ ከዐሊ ጦር ጋር ሲዋጉ የተገደሉባት፣ ለመህሯ (ለጥሎሿ) የዐሊን ደም የጠየቀችው የኩፋዋ ቆንጆ። ዘይዳን ሰዒድ የሚባል ወጣት ፈጥሮ በፍቅሯ ያጠምደዋል። ልብ ይሰቅላል፤ አልዋሽዎትም። የታሪክ ጸሐፊው ጠበሪ ላይ ግን የዐሊ ገዳይ ኢብን ሙልጀም ቀጣምን ሳያውቃት በፊት ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ተማምሎ ነበር፤ ዐሊን፣ የሻሙን ገዢ ሙዓውያንና የግብፁን ገዢ ዐምርን በአንድ ቀን ሊገድሉ። ዐሊና ሙዓውያ ከተዋጉበት ከሲፊን ጦርነት በኋላ በሽምግልናው የተነሳው መከፋፈል፣ ነህረዋን ላይ ያለቀው ያ ሁሉ ሰው፣ በአንዲት ቆንጆ ቂም ሲሸፈን ያሳዝነኛል።

ግብፃዊውን ደራሲ ጣሃ ሑሴንን ቢያነቡት ግን ይወዱታል። «አል-ወዕድ አል-ሐቅ» የሚጀምረው የጠፋ ወንድሙን ፍለጋ ከየመን መጥቶ መካ በቀረው በያሲር ነው። ወንድሞቹ ይመለሳሉ፤ እሱ ግን ከመኽዙም ጎሳ ሰው ተጠግቶ ይኖራል፣ ባሪያይቱን ሱመያን ያገባል። ደራሲው አይቸኩልም። ጎሳ የሌለው ሰው በቁረይሾች ከተማ ምን ያህል መጠጊያ እንደሚያጣ አስቀድሞ ያሳየናል፤ ሱመያ በአቡ ጀህል እጅ ስትገደል ማን እንደተገደለች እናውቃለን። ቢላልም አለበት፤ ብቻውን የገነነ ጀግና ሆኖ ሳይሆን፣ ከሌሎቹ ደካሞች እንደ አንዱ።

የሚያከራክረን የአልጄሪያዊቷ የአሲያ ጀባር ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1991 በፈረንሳይኛ ያሳተመችው መጽሐፍ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ባረፉበት ጊዜ ስለነበሩ ሴቶች ነው። ፋጢማ የአባቷን ውርስ ስትጠይቅ፣ ኸሊፋው አቡበክር «እኛ ነቢያት አንወረስም» የሚለውን የረሱልን ቃል ሲመልሱላት፣ ጀባር ከፋጢማ ጎን ትቆማለች። እዚህ ላይ የአቡበክርን ጭንቀት በደንብ አላየችም እላለሁ፤ በአንድ በኩል የነቢዩ አደራ፣ በሌላ በኩል የነቢዩ ልጅ እንባ። ሆኖም ጠበሪና ኢብን ሰዕድ የት ላይ ዝም እንዳሉ፣ እሷም ከየት ጀምሮ በራሷ እንደምታስብ አትደብቅም። እኔ ይህን ለሶሃቦች የሚገባ አደብ እለዋለሁ። ዘይዳን ላይ ያጣሁት ይህን ነው።

የእኛዋን ሐበሻ ኡሙ አይመንን እንዲህ የሚጽፋት ባገኝ ደስ ይለኛል። የረሱል እናት አሚና አብዋእ በተባለው ቦታ ሲሞቱ ሕፃኑን ወደ መካ ያመጣችው እሷ ናት። ረሱል ካረፉ በኋላ አቡበክርና ዑመር ሊዘይሯት ሄደው ስታለቅስ አገኟት፤ የማለቅሰው ከሰማይ የሚወርደው ወሕይ ስለተቋረጠ ነው አለቻቸው፤ እነሱም አብረዋት አለቀሱ።

ሸኾቹ ስለ እሷ ሲናገሩ የሰሙትን ሁሉ ለታናሽ ወንድሜ እየነገሩ ያስጽፉልኝ። ከማን እንደሰሙትም ይጨመርበት።

በዱዓዎ አይርሱኝ።

ልጅዎ