ያ የአሜሪካው የጉንፋን ኪኒን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እኛ ቤት ጉንፋን የያዘው ሰው መጀመሪያ የሚከፍተው የእናቴን ቁም ሳጥን ነው። እህቴ ከሜሪላንድ በመጣች ቁጥር ከሻንጣዋ የምታራግፈው የጉንፋን ኪኒን እዚያ ተከማችቷል። ጎረቤት ሳይቀር «እስቲ ያንን የአሜሪካውን» እያለ ይመጣል። ባለፈው ሰሞን አፍንጫዬ ጥርቅም ብሎ ተዘጋና ሌሊቱን በአፌ ስተነፍስ አደርኩ። እኔም ወሰድኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ዋጥኩ፣ ወይ ፍንክች! ተናድጄ ካርቶኑን ገልብጬ አነበብኩት፤ «ፌኒሌፍሪን 10 ሚሊግራም» ይላል።

በ2023 ሴፕቴምበር ላይ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ ኤፍዲኤ፣ አማካሪዎቹን ሰብስቦ ነበር። 16ቱም በአንድ ድምፅ፣ ይሄ ነገር በዚህ መጠን ሲዋጥ የተዘጋ አፍንጫ እንደሚከፍት ማስረጃ የለም አሉ። በ2024 ኖቬምበር ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ራሱ፣ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ከሚሸጡት ውስጥ እንዲወጣ ሐሳብ አቀረበ። ይጎዳል አላሉም፤ አይሠራም ነው ያሉት። ሲዋጥ አንጀትና ጉበት አብዛኛውን ስለሚሰባብሩት አፍንጫ ጋ የሚደርሰው ከቁጥር አይገባም። አፍንጫ ውስጥ የሚረጨው ግን ሌላ ነው፣ እሱ የደም ሥሮቹን አጥብቦ እብጠቱን ያስተነፍሳል (ለቀናት ካዘወተሩት ግን መልሶ ይደፍናል)።

ታዲያ መደርደሪያውን እንዴት ሞላው? ሱዶኢፌድሪን የሚባለው ሌላው አፍንጫ የሚከፍት መድኃኒት ይሠራ ነበር፣ አሁንም ይሠራል። ግን ሰዎች እየገዙ ሜታምፌታሚን የተባለውን ዕፅ ሲያበስሉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ የአሜሪካ ሕግ ከባንኮኒ ጀርባ ገባ፤ መታወቂያ አሳይቶ፣ ፈርሞ ነው የሚገዛው። አምራቾቹም በብዙ ኪኒን ውስጥ ፌኒሌፍሪንን ተኩበት። እህቴ ፊርማውን ትታ ከመደርደሪያ ያገኘችውን ብታነሳ አልፈርድባትም።

እኔን ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን ከሥሩ የተጻፈው ነው። «አሲታሚኖፌን» ይላል፣ ማለትም ያው ፓራሲታሞል። እናቴ ደግሞ ኪኒኑን ውጣ ስታበቃ «ለራስ ምታቱ» ብላ ፓናዶል ትደርባለች! መጠኑ ሲያልፍ ጉበት ነው የሚጎዳው። ደም ግፊትም አለባት፣ ካርቶኑ ደግሞ ግፊት ያለበት ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ እንዳይወስድ ያስጠነቅቃል። በእንግሊዝኛ፣ በጉንዳን ፊደል።

እባካችሁ በጤና ዓምዳችሁ አንድ ፋርማሲስት ስለ ሻንጣ መድኃኒት አስጽፉልን። እኔማ ካርቶኑን ልጥለው ብል እናቴ ከእጄ ነጠቀችኝ። «የአሜሪካ እኮ ነው!» ብላ መልሳ ቆለፈችበት።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ