ለአባቴ፦ ስለ ፋሲካው ማዕድና ስለ አንደበታችን

አዲስ አበባ፣ መጋቢት 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩና ለምወድዎ አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔና ልጆቹ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ጾሙን ምክንያት አድርገው የደም ግፊት መድኃኒትዎን እንዳያቋርጡ እማዬን አደራ ብያታለሁና እባክዎ እሺ ይበሏት።

ይህን በደብዳቤ የጻፍሁልዎ፣ በስልክ ሲሆን ነገሩ ገና ሳይጀመር «በቃ ተይው» ወደሚለው ስለሚያመራ፣ መነጽርዎን አድርገው ረጋ ብለው እንዲያነቡልኝ ብዬ ነው። ጉዳዩ የታናሽ ወንድሜ ነው። ለፋሲካ እንዲመጣ ለምኜው እሺ ብሎኛል። ከቤተ ክርስቲያናችን ወጥቶ ወደ ሌላ መሄዱ እርስዎን ምን ያህል እንዳሳዘነዎ አውቃለሁ፤ እኔንም አሳዝኖኛል፤ ዛሬ ግን ስለ መሄዱ ሳይሆን በቤታችን ውስጥ ስለ መሄዱ ስለምንነጋገርበት አንደበት ነው ላስቸግርዎ የፈለግሁት።

ለእርስዎ ስለ አንደበት መጻፍ ለቀባሪ ማርዳት ነው። «አቤቱ፥ ለአፌ ጠባቂ አኑር» የሚለውን መዝሙር በቃሌ ያስያዙኝ እርስዎ ነዎት፤ ጾም በገባ ቁጥር «ይጹም ልሳን» የሚለውን የቅዱስ ያሬድን ቃል እያስታወሱ፣ ሆድ ብቻውን ቢጾም ምን ዋጋ አለው ሲሉንም አድገናል። ስለዚህ የምጽፈው ያስተማሩኝን መልሼ ነው።

የቃና ዘገሊላ ዕለት እንግዶቹ በተቀመጡበት «መስቀል ያልተሳለመ እጅ ከዚህ ማዕድ አይቈርስም» ባሉ ጊዜ እኔ ከወንድሜ ጎን ነበርሁ። የጠቀለለውን እንጀራ ሳይጎርሰው በትሪው ጠርዝ ላይ መልሶ አስቀመጠው፤ ተነሥቶ ውጭ ካለው ቧንቧ እጁን ታጠበ፤ ከዚያም ኮቱን ከወንበሩ ላይ አንሥቶ እማዬን ጉንጯን ስሞ ወጣ። አንድም ቃል አልመለሰም። እርስዎ ዝምታውን እንደ ንቀት እንደ ቈጠሩት ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን ለአባቱ በሰው ፊት መልስ ላለመስጠት ሲል ምላሱን እንደ ነከሰ ነው የማምነው፤ ይህንንም ከእርስዎ እንጂ ከሌላ አልተማረውም።

እርሱ ንጹሕ ነው አልልም። ቀደም ሲል ስለ እማዬ ስእለት የተናገረው ቃል የዋዛ መስሎት ቢሆንም ክርስቲያን ነኝ ከሚል ሰው የሚጠበቅ አልነበረም፤ ለብቻው ወስጄ ነግሬዋለሁ፤ እማዬንም ደውሎ ይቅርታ ጠይቋታል። አዲስ እምነት የያዘ ወጣት ሁሉ መጀመሪያ የሚሰብከው ለገዛ ቤተሰቡ ነው፤ የሚሰብከውም ብዙ ጊዜ በክፉ አነጋገር ነው። ነገር ግን የልጅ ጥፋትና የአባት ቃል ክብደታቸው እኩል አይደለም። ሲራክ የአባት ምርቃት የልጆችን ቤት ያጸናል ይላል፤ የሚያጸና ቃል የተሰጠው ሰው በዚያው አፉ ማፍረስም ይችላልና ነው የምፈራው።

«እንግዲህ እውነቱን ልሸሽግ?» እንደሚሉኝ ይታወቀኛል። ስለዚህ እርስዎ ስለሚወዱት ስለ ዮሐንስ አፈወርቅ ዘመን አንድ ነገር ላንሣ። እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ387 ዓ.ም.፣ እርሱ ገና በአንጾኪያ ቄስ ሳለ፣ የከተማው ሰው በተጣለበት ግብር ተቈጥቶ የሮሙን ንጉሥ የቴዎዶስዮስንና የቤተ ሰቡን ሐውልቶች አውርዶ በየመንገዱ ጎተተ፤ በሞት የተለየችው የንጉሡ ሚስት ምስል እንኳ አልተረፈም። ከተማይቱ በፍርሃት ተዋጠች። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር፤ አፈወርቅ በየዕለቱ ሕዝቡን እያጽናና ሲያስተምር፣ ከወፍና ከዓሣ ሥጋ ተከልክለን ወንድማችንን የምንነክስና የምንበላ ከሆነ ጾማችን ምን ይጠቅመናል ብሎ የገሠጻቸው በዚያ ጭንቅ መካከል ነው። ሰው ነገ እገደላለሁ ብሎ በሚፈራበት ሰዓት ስለ ሐሜት ማስተማሩ ዘወትር ይገርመኛል፤ ለካ ለእርሱ ዋናው ጉዳይ አንደበት ነበር።

ሽማግሌው የአንጾኪያ ኤጲስ ቆጶስ ፍላብያኖስ ደግሞ፣ እኅቱ በሞት አፋፍ ላይ ሳለች ትቷት፣ ለከተማይቱ ምሕረት ሊለምን በእርጅናው ያን ሩቅ መንገድ ንጉሡ ወዳለበት ወደ ቍስጥንጥንያ ተጓዘ። ንጉሡ ዘንድ በደረሰ ጊዜ ግን ለመናገር አልቸኰለም፤ ከሩቅ ቆሞ አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ እንጂ። ቀርቦ ያነጋገረው ንጉሡ ራሱ ነበር። ፍላብያኖስም ሲናገር በደሉን አልሸሸገም፤ ጥፋታችን ከባድ ነው፣ ብትቀጣንም ይገባናል አለ። ከዚያ በኋላ ግን ንጉሡን ወደ ራሱ መልካምነት መለሰው፤ ቀድሞ በፋሲካ እስረኞችን ሲፈታ የጻፈውን ቃል አስታወሰው፤ የቀድሞው ንጉሥ ቈስጠንጢኖስም ምስሉ በድንጋይ ተወገረ ሲሉት ፊቱን ዳስሶ «ቍስል አላገኘሁም» ብሎ መሳቁን ነገረው። ከተማይቱም ምሕረት አገኘች፤ የምሕረቱም ወሬ ከፋሲካ በፊት ደረሰ።

አባባ፣ ያ ሽማግሌ ከእውነቱ አንዳች አልቀነሰም። የመረጠው ሰዓቱን፣ ቦታውንና የሚጀምርበትን ቃል ነው። እርስዎስ ቢሆኑ ለሽምግልና ሲጠሩ የሚያደርጉት ይህንኑ አይደለም? የተጣሉ ባልና ሚስት ሲያስታርቁ፣ በዳዩን በተበዳዩ ፊት አይገሥጹትም፤ «ና እስቲ ወደዚህ» ብለው ወደ ጓሮ ይወስዱትና፣ ስለ ከብቱና ስለ አዝመራው ጠይቀው፣ ልቡ ሲረጋ ነው ጥፋቱን የሚነግሩት። ጌታችንስ «ሄደህ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው» አላለምን? ለጎረቤት የሚያደርጉትን ለልጅዎ ሳይነፍጉ ያድርጉለት ብዬ ነው የምለምንዎ። ልጅ ስለሆነ አይቀየምም የሚባለውን እኔ አልቀበለውም፤ ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚቀየመው የአባቱን ቃል ነው።

እንግዲህ ለፋሲካ የምለምንዎን በግልጽ ልንገርዎ። በማዕዱ ላይ፣ በተለይም ጎረቤት እያለ፣ «መናፍቅ» የሚለው ቃል ባይነሣ፤ አጎቴም የተለመደውን ቀልዱን እንዲተው እርስዎ ቢነግሩት ይሰማዎታል፣ እኔን አይሰማኝም። እንደ መጣ በመጀመሪያ ስለ ሥራው ቢጠይቁት ደስ ይለዋል፤ በቅርቡ እድገት አግኝቷል፤ ለእርስዎ ለመንገር ያፍራል እንጂ መናገሩን ይፈልገዋል። ስለ ሃይማኖት ልነግረው የሚገባኝ አለኝ ካሉ፣ እርሱ የእርስዎ ግዴታ ነውና አልከለክልዎትም፤ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ሁለታችሁ ብቻ ብትቀመጡ መልካም ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በበደል የተገኘን ሰው «በየውሃት መንፈስ አቅኑት» ሲል፣ መጀመሪያውንም ማቅናቱን አልተወውም።

ሲነጋገሩም አስቀድመው ይስሙት። ምን ጎድሎበት እንደ ሄደ ከእኛ መካከል እስካሁን የጠየቀው የለም፤ ሁላችንም ስህተቱን ለመንገር ስንቸኵል ሰንብተናል። መልሱ ላያስደስትዎ ይችላል፤ ቢሆንም በቍጣ ሳያቋርጡት እስከ መጨረሻው ቢሰሙት፣ እርስዎ በተራዎ የሚናገሩትን እርሱም እስከ መጨረሻው ይሰማዎታል። ባይስማማ እንኳ ተመልሶ ይመጣል። የሚመጣ ልጅ ሌላ ቀን ይነገረዋል፤ የቀረውን ግን በማን አፍ እንነግረዋለን?

ሲሄድም እንደ ቀድሞው እጅዎን በራሱ ላይ አኑረው ይመርቁት። ባለፈው ሳይመረቅ መሄዱን ራሱ ነው ያነሣብኝ፤ እኔ ግን ለመልሱ ቃል አጥቼ ዝም አልሁ።

እኔ ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ከልጆቹ ጋር እገባለሁ። ቅቤውንና በርበሬውን ይዤ ስለምመጣ እማዬ ገበያ እንዳትደክም ይንገሩልኝ። እርሱ የሚደርሰው ወደ ማታ ነው። ከዚያ በፊት ግን እርስዎ ራስዎ ደውለው «ና» ቢሉት፣ የእኔን ልመና ሳይሆን የአባቱን ጥሪ ይዞ ይመጣል። ስልኩን አልቀየረም፤ ከሥራ የሚወጣው ማታ ስለሆነ ከራት በኋላ ቢደውሉ ያገኙታል።

አክባሪ ልጅዎ