ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጡህ

ይድረስ ለልጄ፣

ትናንት ማታ ስልኩን ከዘጋህ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ድምፅህ ደክሞ ነበር። ኢንጀክተሩ፣ ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ዕቃ፣ ተበላሽቶ መኪናው ቆሟል፣ ሥራው ቆሟል፣ ብድሩ ግን አይቆምም። በዚህ ላይ መኪናውን የሸጡልህ ሰዎች «የፋብሪካው ዋስትና አይሸፍንም፣ ጥፋቱ ያንተ ነው» ብለው ሸኙህ። እኔን ያንገበገበኝ ይሄኛው ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። አይሸፍንም ያለህ ሰው በአፉ ነው ያለህ ወይስ በወረቀት? በአፉ ከሆነ ገና መልስ አልተሰጠህም። የተበላሸው ዕቃ የቱ ነው፣ ያበላሸው ምንድን ነው፣ በዋስትናው መጽሐፍ ውስጥ የትኛው አንቀጽ ነው የሚከለክለው? እነዚህን ሦስቱን ጽፈውና ፈርመው ይስጡህ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። አፍ ዛሬ ናፍጣ ይላል፣ ነገ ዘይት ይላል።

ይህን የምልህ ስለደረሰብኝ ነው። አባትህ የመጀመሪያውን አዲስ መኪና የያዘ ጊዜ ደብተሩን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ዋስትናው ሳያልቅ ቱርቦው፣ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው ዕቃ፣ ተበላሸ። «ዘይት በጊዜው አልቀየራችሁም» አሉን። ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የዘይቱ ዓይነት፣ ደረሰኙ ሳይቀር ከየገጹ ጋር በስቴፕለር ተያይዟል። ሰውየው አገላብጦ አገላብጦ ዝም አለ። ከዚያ «እሺ፣ ዕቃው ራሱ ይታይ» ስንል ተጥሏል ተባልን። እኛ ሳናውቅ ፈትተው ጥለውታል! በመጨረሻ ግማሹን ከፍለን ወጣን። ያ ግማሽ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ዕቃው ይናገራል ልጄ። ቱርቦ በደቂቃ ከ100 ሺህ ዙር በላይ ሊሽከረከር ይችላል። ዘንጉን የሚሸከመው ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። ዘይት ካጣ ዘንጉ በሙቀት ይጠቁራል፣ ሰማያዊነት ያመጣል። ቆሻሻ ዘይት ካለፈበት ዙሪያውን ይጫራል። ከውጭ የገባ ነገር ከመታው የክንፎቹ ጫፍ ይሸረፋል። አባትህ አሮጌ ቱርቦ ባገኘ ቁጥር ዘንጉን በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ጎን ያወዛውዘውና «ነይ እዪው» ይለኝ ነበር። የኛን ግን ሊያየው አልቻለም። ስለዚህ ዛሬውኑ ጻፍላቸው፦ የተፈታው ዕቃ ሁሉ፣ ፊልትሮውም ጭምር፣ ክርክሩ እስኪያልቅ እንዳይጣል።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። ኢንጀክተሩን ውሃ ያለበት ናፍጣ አበላሸው ብለውሃል። ሊሆን ይችላል፣ ውሃ ኢንጀክተር እንደሚገድል አውቃለሁ። የዛሬ ሞተር ናፍጣውን እስከ 2,000 ባር ግፊት፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ጨምቆ ነው የሚረጨው። ውስጡ ያለው ክፍተት በማይክሮን፣ በሚሊ ሜትር ሺህኛ ክፍል፣ የሚለካ ነው፣ ትንሽ ዝገት ይበቃዋል። ግን ውሃ ካለፈ ምልክት ይተዋል። ዝገቱ የታለ? የናፍጣውን ናሙና ማን ቀዳው፣ መቼ፣ ከታንከሩ ነው ወይስ ከፊልትሮው? ውሃ ጠቋሚ መብራት ካለው፣ በርቶ ነበር ወይ? የመኪናው ኮምፒውተር የስህተት ኮዶችን ይመዘግባል፣ ብዙ ጊዜም ኮዱ የመጣበትን ሁኔታ አብሮ ይይዛል። የዚያን ዝርዝር ፕሪንት ጠይቅ። ኮዶቹን ሳያስቀምጡ እንዳያጠፏቸውም ንገራቸው።

ደግሞ አንዱ ኢንጀክተር ብቻ ነው የሞተው አልከኝ። ስድስቱም ኢንጀክተሮች የጠጡት አንድ ናፍጣ ነው። አምስቱ ደህና ሆነው አንዱ ብቻ ለምን? ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ ግን መመለስ ያለባቸው ጥያቄ ነው። አምስቱም ተፈትሸው ውጤቱ ይጻፍ።

አንዱን የዘይት ሰርቪስ አሳልፈህ እንደነበር ነግረኸኛል። አትደብቀው። ውሸት ከተገኘብህ እውነትህም አይሰማም። ነገር ግን ያንተ ሞተር ኢንጀክተር በናፍጣ እንጂ በሞተር ዘይት አይሠራም። የዘይቱ መዘግየት ይህን ብልሽት እንዴት አመጣው? ያስረዱህ። ካላስረዱህ እንደ ሰበብ አትቀበለው። ፍሪሲዮን ወይም የፍሬን ሸራ ቢሆን ኖሮ ተወው እልህ ነበር፣ እነሱ በሥራ የሚያልቁ ዕቃዎች ስለሆኑ አብዛኛው ዋስትና አይነካቸውም። ኢንጀክተር ግን በመጽሐፍህ ውስጥ ተሸፋኝ ከተባሉት ጋር አለ፣ ገጹን አንብበህልኛል።

ሌላው፣ ሞተሩን የበለጠ እንፍታ ብለው ወረቀት ካመጡልህ ሳታነብ አትፈርም። ብዙ ጊዜ «ዋስትናው ካልሸፈነ የመፍቻውን ባለቤቱ ይከፍላል» የሚል አለበት። ከመፍታታቸው በፊት የራስህን መካኒክ ይዘህ ግባ። ሲከፈት ይይ፣ ፎቶ ያንሳ፣ ያየውን ይጻፍ።

ሻጩ የመጨረሻ ዳኛ አለመሆኑንም አስታውስ። የፋብሪካውን ዋስትና የሰጠው አምራቹ ነው። ሻጩ ይጠግናል፣ ወጪውን ከአምራቹ ይጠይቃል። ጥያቄዬ ውድቅ ይሆንብኛል ብሎ ከፈራ ደንበኛውን ከበር መመለስ ይቀለዋል። ስለዚህ ለአምራቹ የደንበኞች ክፍል በቀጥታ ጻፍ። የሻሲ ቁጥሩን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ የሰርቪስ መዝገቡን፣ የእምቢታውን ወረቀት አያይዝ። መርማሪ ይላክልኝ በል። እዚያም እምቢ ካሉ ወደ ሸማቾች ጉዳይ ወይም ወደ ጠበቃ የምትሄደው ይኸው ፋይል በእጅህ ሆኖ ነው።

የቀረብህን ሥራ ብዙው ዋስትና አይከፍልም። ቢሆንም መኪናው የቆመበትን እያንዳንዱን ቀን መዝግብ።

እዚያ ቆሞ የሚቀበልህን ልጅ ደግሞ አትጩህበት። እሱ ያልወሰነውን ነው የሚነግርህ። ስሙን፣ ሰዓቱን፣ ያለህን ጻፍ፣ ማታ ላይ «ዛሬ እንዲህ ተባብለናል» ብለህ ኢሜይል ላክለት።

ደብዳቤውን ብቻህን አትጻፈው። የሰርቪስ ደረሰኞቹን ሁሉ ሰብስበህ ቅዳሜ ና፣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን በየቀናቸው እንደረድራቸዋለን። መጨረሻ የቀየርከውን የናፍጣ ፊልትሮ ደረሰኝ ካገኘኸው ግን ቅዳሜን አትጠብቅ፣ ፎቶውን ዛሬ ማታ ላክልኝ።

እናትህ