ስለ ሁሉም ቀጣና የሚናገር ተንታኝ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በውጭ ጉዳይ ገጻችሁ አንዱ ሰው በአንድ ሳምንት ስለ መካከለኛው ምሥራቅም ስለ ምሥራቅ እስያም «ተንታኝ» ተብሎ ሲጠቀስ ይታያል። ሙያው ግን እንዲህ አይሠራም።

በአንድ ቀጣና ላይ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚፈተነው በቋንቋ ነው። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን ሲያሠለጥን ለሩሲያኛ 44 ሳምንት ገደማ፣ ለአረብኛና ለቻይንኛ 88 ሳምንት ወይም 2,200 የክፍል ሰዓት ይመድባል። ያም ሆኖ ጋዜጣ ለማንበብና በሥራ ጉዳይ ለመነጋገር እንጂ የሰፈሩን ሽሙጥ ለመረዳት አይበቃም። ቋንቋውን የማያውቅ ሰው የሚተነትነው ሌሎች መርጠው የተረጎሙለትን ብቻ ነው። የሹመት ዝርዝር፣ የበጀት ሰነድ፣ የአውራጃ ጋዜጣ ያመልጡታል፤ የሥልጣን ሽኩቻ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው እዚያ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የምንጭ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1978 የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ኢራን ለአብዮት ዋዜማ እንኳ አልደረሰችም ሲል ገመገመ፤ በጥር 1979 የኢራን ንጉሥ ሻሁ አገር ጥሎ ወጣ። የአብዮቱ መሪ የኾሜይኒ ስብከት በካሴት እየተባዛ በየመስጊዱ ሲዘዋወር፣ የውጭ ታዛቢዎቹ ጆሮ በአብዛኛው ቤተ መንግሥቱና ዙሪያው ላይ ነበር። ስደተኛ ተቃዋሚን ብቻ የሚሰማም ከዚህ አይሻልም፤ መንግሥቱን ዛሬ ነገ ወዳቂ ያደርገዋል። ቪዛ እንዳይከለከል ብዕሩን የሚያለዝብም አለ፤ ይህን አንባቢ ከጽሑፉ ለይቶ ማወቅ አይችልም።

ቃላትም ያሳስታሉ። እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣ የአሜሪካ የስለላ ግምገማ በዩጎዝላቪያ ላይ የሚሰነዘር ጥቃት «በብርቱ ሊታሰብበት የሚገባ» ነው አለ። ከአዘጋጆቹ አንዱ ሼርማን ኬንት ዕድሉን ወደ 65 በመቶ ገምቶት ነበር። ባልደረቦቹን ሲጠይቅ ግን ከ20 እስከ 80 በመቶ የሚደርስ መልስ አገኘ፤ ሁሉም የተስማሙበት ዓረፍተ ነገር ነው እንግዲህ። ስለዚህ ጥሩ ተንታኝ ግምቱን በቁጥርና በቀን ገደብ ይጽፋል፦ «እስከ መጋቢት መጨረሻ፣ 70 በመቶ» ይላል። «ውጥረቱ ሊባባስ ይችላል» ማለት መቼም የማይሳሳት ትንበያ ነው።

ልምድ ብቻውን ዋስትና ነው ማለቴ አይደለም። በአንድ ቀጣና ዕድሜውን የጨረሰ ሰው «እዚያ አገር ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ ነው» ማለት ይቀናዋል፤ ለውጥ ሲመጣም መጨረሻ የሚያየው እሱ ሊሆን ይችላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፊሊፕ ቴትሎክ 284 ባለሙያዎችን ለዓመታት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው ጥናት፣ በመገናኛ ብዙኃን ይበልጥ የሚፈለጉት በትንበያቸው ደካማ ሆነው ተገኝተዋል። የሚፈለጉት እርግጠኛ ሆነው ስለሚናገሩ ነው፤ እርግጠኛነቱ ደግሞ ለአዘጋጅ ይመቻል።

በተንታኙ ስም ሥር የሚያነበውን ቋንቋ፣ ቀጣናውን መጨረሻ ያየበትን ዓመትና ደመወዝ ከፋዩን ብትጽፉ ከሁለት መስመር አይበልጥም። ያለፈው ዓመት ትንበያውንም ከአዲሱ ጎን አትሙልን።

አንባቢያችሁ