አምስት ዓመት በሣጥን

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ።

እሁድ ስትደውዪ፣ የዚያችን ልጅ አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ ገንዘብ እያዋጣችሁ እንደሆነ ነገርሽኝ። ስልኩን ከዘጋን በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ፒየትሮ ዴላ ቫሌ ትዝ አለኝ። ፋርስ ድረስ ከዘለቁት የጥንት ፈረንጆች እንደሱ የሚገርመኝ የለም።

የሮም ባላባት ነው። የወደዳት ሴት ሌላ አግብታበት ልቡ ቢሰበር፣ በ1614 (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥርልሽ) ከቬኒስ መርከብ ተሳፈረ። ኢስታንቡልን፣ ግብፅን፣ ኢየሩሳሌምን አየ። ከሀለብ ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር ወደ ባግዳድ ሲሄድ፣ አንዱ የመንገድ ጓደኛው ስለ አንዲት ቆንጆ አወራለት። ሳያያት ወደዳት እኮ! ማአኒ ትባላለች፤ ማርዲን የተወለደች ክርስቲያን ናት። በ1616 አገባት። የፋርስ ዋና ከተማ ወደነበረችው ኢስፋሃን ይዟት ሄደ፤ ንጉሡ ሻህ አባስ ፊትም ቀረበ።

ወደ አገሩ ሊመለስ ሲነሳ፣ በፋርስ ባሕረ ሰላጤ መግቢያ ባለችው በሆርሙዝ ደሴት ላይ ጦርነት ሆነ። ፋርሶችና እንግሊዞች ፖርቱጋሎቹን ሊያስወጡ ነው። ሚናብ በምትባል ሙቀቷ በማይቻል ከተማ ቁጭ ብለው ሲጠብቁ ትኩሳት ያዛቸው። ማአኒ ነፍሰ ጡር ነበረች። በ1621 ማብቂያ አረፈች፤ ገና በ23 ዓመቷ።

አልቀበራትም። አስከሬኗን በካምፎር አስደርቆ ሣጥን ውስጥ ከተተው። ሬሳ መሆኑ እንዳይታወቅበት ላዩን በልብስ ሸፈነው። ከዚያ ይዟት የሕንዷን ጎዋ፣ ባስራን፣ በረሃውን፣ ሀለብን አቋረጠ። ሮም የገባው በ1626 ነው። በዓመቱ በቤተሰቡ መቃብር ሲያሳርፋት፣ ስለ እሷ ሊናገር ቆሞ እንባ አሸነፈው።

ሰው ይህን እንደ ትልቅ ፍቅር ነው የሚያወራው። ይሁን። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ማአኒ ሮምን በዓይኗ አይታ አታውቅም። እናንተ ያችን ልጅ ወደ እናቷ ነው የምትልኳት። እሱ የወሰዳት ወደ ራሱ ቤት ነው።

ደግሞ ማአኒ ታሳድጋት የነበረች አንዲት ጆርጂያዊት ልጅ አብራው ሮም ገብታ ነበር። ኋላ እሷን አግብቶ 14 ልጆች ወለደ። ይህን ለእናትሽ ስነግራት «ወንድ!» አለችና ሽሮዋን ማማሰሏን ቀጠለች።

የልጅቷ እናት ሰፈር የት እንደሆነ ጠይቀሽ ላኪልኝ። ከእናትሽ ጋር ልቅሶ እንደርሳለን።

አባትሽ