መላምቱን ያስገባሁት እኔ ነኝ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ተማሪዎች ጥናት ጥራት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደንበኛ ስጠብቅ አነበብኩት። ወቀሳው ሁሉ ኮፒ ፔስት ላይ ነው። እኔ ሐዋሳ ውስጥ የጽሕፈትና ጥረዛ ቤት ከከፈትኩ 11 ዓመቴ ነው። የመመረቂያ ጥናት እተይባለሁ፣ እጠርዛለሁ። ከኮፒ ፔስት የባሰ የማየው ነገር አለ።

አምና አንድ ልጅ ፍላሹን ይዞ መጣ። አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ዓሣ የሚሸጡ 23 ሴቶችን አነጋግሯል። የሄደው ስለ ዋጋ ሊጠይቅ ነበር። የሴቶቹ ወሬ ግን ዱቤ ብቻ ሆነበት። ምግብ ቤቱ ዛሬ ወስዶ ለሳምንት ይከፍላል፤ አስጋሪው ግን እጅ በእጅ ነው የሚፈልገው። አንዷማ «ቆሮሶው አይደለም የሚበላሽብኝ፣ ብሬ ነው» ብላዋለች። ወደ እንግሊዝኛ ተገልብጦ እንኳ አሳቀኝ። ልጁም ከሰማው ተነስቶ ስለ ዱቤ ጻፈ። ምዕራፍ አራትን ተይቤ ጨረስኩለት።

ከአማካሪው ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል። «እትዬ፣ መላምት የሌለው ጥናት ጥናት አይደለም ተባልኩ» አለኝ። ቁጭ ብለን ምዕራፍ አንድ ላይ «ዱቤ የሻጮችን ገቢ ይቀንሳል» የሚል መላምት ሰነቀርን። የጥናቱ ዘዴ በሚጻፍበት ምዕራፍ ሦስት ላይ «ጥናቱ ዲዳክቲቭ አካሄድ ተከትሏል» አልን። ምዕራፍ አምስት ላይ መላምቱ ተረጋገጠ። እንዴት አይረጋገጥ! የተጻፈው መልሱ ከታወቀ በኋላ ነው።

ዲዳክቲቭ ማለት እኮ አንድ ጠቅላላ ሐሳብ ይዞ፣ ይሄ እውነት ከሆነ እዚያ ቦታ ይህን ማየት አለብኝ ብሎ ሊፈትኑት መውጣት ነው። ሐሳቡ ሊወድቅም ይችላል። ልጁ የሠራው ኢንዳክቲቩን ነው፤ ካየው ተነስቶ ወደ ጠቅላላው። ምን ነውር አለው? ግሌዘርና ስትራውስ የሚባሉ አሜሪካውያን ሶሲዮሎጂስቶች ንድፈ ሐሳብ ከመረጃ ውስጥ እንዴት እንደሚወጣ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ስማቸውን ስንት ምዕራፍ ሁለት ላይ እንደተየብኩት እኔ አውቃለሁ።

ኢንዳክቲቭም ጣጣ አለው። ሻላ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም፣ ጨዋማ ነው። አቢጃታም እንደዚሁ። ከሁለቱ ተነስቶ «መውጫ የሌለው ሐይቅ ሁሉ ጨዋማ ነው» ያለ ሰው መጥቶ የእኛን የሐዋሳ ሐይቅ ይቅመስ (አፍልቶ ቢሆን ይሻላል)። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፣ የሚወጣ ወንዝ የለውም፣ እንደ ሻላ ግን ጨዋማ አይደለም። ውሃው ከመሬት ሥር ሰርጎ ስለሚወጣ ጨው አይጠራቀምበትም።

ልጁ ይህ ገብቶት ነበር። መጀመሪያ ባመጣው ረቂቅ «ይህ የ23 ሴቶች ነገር ነው፤ ሌላ ገበያ ላይ ላይሠራ ይችላል» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረው። «ተረጋግጧል» ከሚለው ጋር አልሄድ ስላለ አስወጣነው። አማካሪዎች ምዕራፍ ሦስት ላይ የተሠራው ሥራ እንዳለ ይጻፍ ቢሉ፣ እኔም ያቺን ዓረፍተ ነገር ባልሰረዝኳት ነበር።

የጽሕፈትና ጥረዛ ቤት ባለቤት
ከሐዋሳ